እጀታዋን ማን አወረዳት?

ትንሿ የሚሏት ሴት ሱቁን ስትከፍት ውስጡ ጨለማ ነበር። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት መብራቱን የምትመልሰው እሷ ናት። ከቆጣሪው ጎን፣ ከራሷ በላይ ከፍ ብላ የተሰቀለች የብረት እጀታ አለች። ማታ የቤቱ መብራት ሁሉ እንዲጠፋ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ጠዋት ወደ ላይ ትወጣለች። ዝገት ስለያዛት በአንድ እጅ ንቅንቅ አትልም። ትንሿ እንደ ወትሮዋ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጥላ፣ በእግር ጣቶቿ ቆማ፣ በሁለት እጇ ገፋቻት። እጀታዋ «ቋ!» ብላ ገባች፤ አምፖሎቹ በሩ፤ የስቲከር መቁረጫው ማሽን አጓራ። ትንሿ የትናንቱ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው።

እጀታዋ ትናንት መውረድ አልነበረባትም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጇን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ስትወጣ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን እያደሰ ነበር። አዲሱ ማተሚያ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር አልግባባ ስላለ፣ «ይታደስ» ያለው ራሱ ታላቅ ወንድሟ ነው። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ «እየታደሰ ነው፤ አታጥፉት» የሚል ጽሑፍ ወለል ብሎ ይታያል። ይህም አልበቃ ብሏት፣ ከበሩ ዞር ብላ ለወንድሟም ለአባቷም ነግራቸዋለች። «ዛሬ እጀታዋ እንዳትወርድ፤ ይሄ ነገር አድሮ ነው የሚያልቀው» አለች። አባቷ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድሟ ደግሞ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ሰማን እኮ፣ ሂጂ በቃ» አላት።

ኮምፒውተሩን አበራችው። አቃሰተ፣ ተነፈሰ፣ ከዚያ ጥቁር ሆኖ ቀረ። በጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ፦ አንድ የሲስተም ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል፤ ኮምፒውተሩ ሊነሳ አይችልም። አጥፍታ አበራችው። ያው ነው። እንደገና አጥፍታ አበራችው፤ ሰው ግራ ሲገባው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ኮምፒውተሩ በሦስተኛው የሚያፍር ይመስል። ኮምፒውተሩ ግን አላፈረም።

«እናንተ ሰዎች!» ብላ ጮኸች፣ ማንም በሌለበት ቤት።

ትንሿ የሚሏት ቤተሰቦቿ ናቸው። አርባ ዓመትን እያንኳኳች፣ ልጅ ወልዳ ለትምህርት ቤት አድርሳ፣ ለእነሱ ዛሬም ትንሿ ናት። ሱቁ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ነው፤ ባነር ያትማሉ፣ ስቲከር ይቆርጣሉ፣ የሱቅ ስም ይሰቅላሉ። ድሮ የአባቷ የቀለም ቤት ነበር። አባቷ በቆርቆሮና በግድግዳ ላይ በብሩሽ የሚጽፉ ሰው ናቸው፤ ነበሩ ማለት ይሻላል። የመድኃኒት ቤቱን፣ የፀጉር ቤቱን፣ የጫማ ሰፊውን፣ የትምህርት ቤቱን በር ሁሉ የጻፉት እሳቸው ናቸው። በእርሳስ አያሰምሩም። ብሩሹን ቀለም ያስነኩና ትንፋሻቸውን ውጠው ይለቁታል፤ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይሄድና መጨረሻ ላይ ጅራቱን ትንሽ ቀና ያደርጋል። ያቺን ቀና ያለች ጅራት ያየ ሰው፣ ከመንገድ ማዶም ቢሆን «የእሳቸው እጅ ነው» ይል ነበር።

ከዚያ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ብርጭቆ ሲይዙ፣ ቀጥሎ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ሲቆልፉ፣ በመጨረሻም ብሩሽ ሲይዙ። ብሩሹን የተዉ ቀን ለማንም አልተናገሩም። ጠዋት መጥተው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጠው መንገደኛ ያያሉ።

ትንሿን የሚያንገበግባት ታዲያ ምን መሰላችሁ? የአባቷን ጽሑፍ ከከተማው እየነቀለ ያለው ሌላ ጠላት አይደለም፤ የራሳቸው ቤት ነው። ባለሱቁ ይመጣል፣ አብረቅራቂ ባነር ያሠራል፣ ወንድሟ ሄዶ ይሰቅልለታል፣ አሮጌው ቆርቆሮ ወርዶ ለብረት ለቃሚ ይሰጣል። ይህን እያየች አንጀቷ ቢያር፣ ከመነቀላቸው በፊት እየዞረች ፎቶ አነሳቻቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ከፎቶው እየቀዳች፣ የእያንዳንዱን ፊደል ጠርዝ እየተከተለች መሳል ጀመረች። በምሳ ሰዓት ትስላለች፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ትስላለች። ሲያልቅ፣ ማንም ሰው ኪቦርድ ሲነካ በአባቷ እጅ ይጽፋል። አባቷ አንዳንዴ ከኋላዋ መጥተው ያዩና፣ «ይቺ የኔ አይደለችም፤ ወገቧ ወፍሯል» ብለው ይመለሳሉ፤ እሷም ወገቧን ታቀጥናለች። የቀሯት ጥቂት ፊደሎች ነበሩ። ቆርቆሮዎቹ ከግማሽ በላይ ዛሬ የሉም። ፎቶ ያነሳችበት ስልክ ተሰብሮ ተጥሏል። ፎቶውም ፊደሉም ያለው እዚህ የማይነሳ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው።

«ታዲያ ምነው ሌላ ቦታ አልገለበጠችውም?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ሙጫ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ይዞት የመጣ ፍላሽ ቫይረስ አስገባና ሥራቸው ሁሉ ድብልቅልቁ ወጣ። ወንድሟ በማግስቱ ሙጫ ገዝቶ መጣና የኮምፒውተሩን የፍላሽ ቀዳዳዎች በሙሉ ደፈናቸው። ማውሱንና ኪቦርዱን ሳይቀር ከነመሰኪያቸው አጣበቃቸው። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት የሚገባም የሚወጣም ነገር የለም!» አለ፣ ግንብ የገነባ ይመስል ደረቱን ነፍቶ። ኢንተርኔት ያለው ከእሱ ስልክ ነው፤ ደንበኛ ሥዕል ሲልክ ይከፍትና ጨርሶ እስኪገባ ከጀርባዋ ቆሞ ጠብቆ ይዘጋዋል። ፊደሎቿን ወደ ሌላ ቦታ እንድትልክ ስንት ጊዜ ለምናዋለች! መልሱ «ቆይ» ነው። «ቆይ» ከዚያ ሰው አፍ ጠፍታ አታውቅም።

ወንድሟና አባቷ አንድ ቤት ስለሚኖሩ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ወንድሟ ገና እግሩ ሳይገባ የኮምፒውተሩን ጥቁር ፊት አየና፣

«ምን ነካካሽ?» አለ።

ትንሿ ደሟ ፈላ። «እኔ ነኝ የነካካሁት? እኔ? ስገባ እኮ እጀታዋ ወርዳ ነው ያገኘኋት! ማን ነው ያወረዳት?»

ወንድሟ እጀታዋን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ በእጁ የያዘውን የመኪና ቁልፍ ማገላበጥ ጀመረ። «እንግዲህ፣» አለ ዝግ ብሎ፣ «ማታ ይሄን ቤት የሚዘጋው ማን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ድሮ፣ እሷ ልጅ ሳለች፣ የቀለም ቤቱ ተቃጥሎ ነበር። አንድ የተላጠ ሽቦ በሌሊት ብልጭ ብሎ የቀለም ማቅጠኛውን ያዘው፤ ጠዋት የተገኘው አመድ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቷ ማታ ማታ እጀታዋን በገዛ እጃቸው ሳያወርዱ ወጥተው አያውቁም። ቢታመሙ ልብሳቸውን ደርበው ይመጣሉ እንጂ ለሌላ ሰው አይተዉም ነበር። ትንሿ በልጇ ምክንያት ሁልጊዜ ቀድማ ስለምትወጣ፣ ቤቱ ሲዘጋ ካየች ዓመታት አልፈዋል። ሥርዓቱን ግን ከልጅነቷ ታውቀዋለች።

ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ ነበር። ልጃቸውን አንዴ አዩት። ከዚያ ወደ መንገዱ ፊታቸውን መለሱና፣

«እኔ ነኝ» አሉ።

«አባባ!» አለች። ድምፅዋ ከእሷ ቁጥጥር ወጣ። «ነግሬዎት አልነበረም? ቆሜ አልነገርኩዎትም? ያጠፉት እኮ ኮምፒውተር አይደለም፤ የገዛ እጅዎን ነው! ያ ሁሉ ፊደል! ካሁን በኋላ ማን ይጽፈዋል? እርስዎ ይጽፉታል? በዚህ እጅዎ?»

ያለችውን የሰማችው አፏ ከፈጠነ በኋላ ነው። አባቷ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ሸፍነው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ትንሿ ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ንዴቱ ግን ከለከላት። ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች።

ወንድሟ ወዲያው ደውሎ የሰፈሩን ኮምፒውተር ጠጋኝ አስመጣ። ይህን ሰው ሰፈሩ «ፎርማት» እያለ ነው የሚጠራው። ኮምፒውተር ዘገየ? ፎርማት። ድምፅ እምቢ አለ? ፎርማት፤ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን። ሐኪም ቢሆን ኖሮ ጉንፋን የያዘውን ሁሉ ቀብሮ አዲስ ሰው ያስወልድ ነበር። ነጩን ጽሑፍ ቆሞ አነበበና ገና ሳይቀመጥ፣

«ቀላል ነው። ፎርማት ይደረጋል» አለ።

«አይደረግም!» አለች ትንሿ።

«አዲስ ይሆንልሻል እኮ።»

«አዲስ አልፈለግኩም! አሮጌው ነው የሚያስፈልገኝ! ውስጡ ያለው ፋይል የት ይሄዳል?»

«ይጠፋል» አለ ፎርማት፣ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው። «ዲስኩ አንድ ወጥ ነው፤ አልተከፋፈለም። ወይ ደግሞ ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ እኔ ቤት ልውሰደውና ፋይሉን ልቅዳልሽ። ነገ ይደርሳል።»

«ከዚህ ቤት ሃርድ ዲስክ አይወጣም!» አለ ወንድሟ። «የደንበኞቼ ሥራ አለበት።»

«ፎርማት ሲደረግስ የደንበኞችህ ሥራ አይጠፋም?» አለች።

«ደንበኛ መልሶ ይልካል። የክሊኒኩ ባነር ዛሬ ማታ መሰቀል አለበት፤ ሰዎቹ ነገ በጠዋት ነው የሚያስመርቁት። አንቺ ስለ ፊደል ታወሪኛለሽ!» ሰዓቱን አየ። «ከምሳ መልስ ፎርማት ይደረጋል። እስከዚያ መሞከር ከፈለግሽ ሞክሪ።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ አለ። ፊደሎቹ የማን እንደሆኑ የማያውቅ ይመስል፣ እሱን ራሱን ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ ይህን ሱቅ ያወረሰው ያ እጅ እንዳልሆነ ሁሉ! ትንሿ ጥርሷን ነክሳ ወደ ፎርማት ዞረች።

«የመጠገኛ ፍላሽ ስጠኝ። ምን እንደማደርግም ንገረኝ።»

ፎርማት ፀጉሩን አከከ። ሰውየው ሰነፍ ነው እንጂ አላዋቂ አይደለም። «ኮምፒውተሩን በዚሁ ፍላሽ ታስነሺና መጠገን የሚለውን ትመርጫለሽ። በራሱ ከጠገነው እሰየው። እምቢ ካለሽ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍተሽ ዲስኩን ታስፈትሺዋለሽ። ከዚያ የመጠባበቂያ ፎልደር አለ፤ ኮምፒውተሩ የዋና ዋና ፋይሎቹን የቆየ ቅጂ እዚያ ያስቀምጣል። የተበላሸውን ስሙን ቀይረሽ በቦታው የቆየውን ማስገባት ነው። ቅጂው ደህና ከሆነ ይነሳል። ግን አድካሚ ነው፤ ማን ይለፋል?»

«እኔ እለፋለሁ!» አለችና የሱቁን ማርከር አንስታ፣ እየነገራት ትእዛዞቹን ክንዷ ላይ ጻፈች። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ሞላ። ፎርማት ፍላሹን ሰጥቷት ወጣ። ወንድሟም የክሊኒኩን በር ሊለካ ሄደ።

ፍላሹን ተቀበለች። እሺ፣ የት ትሰካው? ሙጫው! ትንሿ ሳጥኑን ገልብጣ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች ስታይ፣ ወንድሟን በአካል አግኝታ በዚያው ሙጫ አፉን ብትለጥፍለት ተመኘች። የስቲከር መቁረጫ ምላጭ አነሳች። ከፊት ያለውን ቀዳዳ መፋቅ ጀመረች። ሙጫው እንደ ጥርስ ድንጋይ ደርቋል። እየፋቀች፣ እየነፋች፣ እየተሳደበች፣ ትንሽ ጠለቅ ስትል ምላጩ አንሸራተተና የቀዳዳውን ምላስ ሰበረው። ያ ቀዳዳ አለቀለት። ምላጩን ወርውራ ግድግዳው ላይ አጋጨችው፤ ሄዳ መልሳ አነሳችው።

ከኋላ በኩል ወዳለው ዞረች። አሁን ምላጩን በላይተር አሞቀችው። የሞቀ ምላጭ ሙጫውን ያለሰልሰዋል፤ ሽታው ግን አፍንጫ ይቆርጣል። በመርፌ እየጎረጎረች ክር በክር አወጣችው። ጣቷ ተላጠ፤ አላስተዋለችውም። በመጨረሻ ፍላሹን ስትሰካው የፍላሹ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። ትንሿ ለዚያች መብራት «ተባረኪ» አለቻት።

ኮምፒውተሩን በፍላሹ ስታስነሳው የመጣው ገጽ ላይ ሁለት ምርጫ ተቀራርቦ ተቀምጧል፤ አንዱ መጠገን፣ አንዱ አዲስ መጫን። ሕይወትና ሞት እንዲህ ጎን ለጎን ይቀመጣል? ይህን የሠራ ሰው ምን ያህል ግዴለሽ ቢሆን ነው! ጣቷ እንዳይስት ትንፋሿን ውጣ መጠገን የሚለውን ተጫነች። ኮምፒውተሩ ችግሩን እየፈለግኩ ነው አለ። ፈለገ፣ ፈለገ፣ ከዚያ «ሊጠገን አልቻለም» ብሎ ተቀመጠ።

«አልቻለም! ሌላ ምን ትችላለህ ታዲያ አንተ?» አለችው።

ጥቁሩን መስኮት ከፈተች። ክንዷን እያነበበች የመጀመሪያውን ትእዛዝ ጻፈች። ዲስኩ መፈተሽ ጀመረ። በመቶኛ የሚቆጥር ቁጥር ወጣ፤ ትንሽ ሄደ፣ ቆመ፤ ትንሽ ሄደ፣ ቆመ። ከዚያ ግማሹን አልፎ ጭራሽ ቆመ። ብታጠፋው ይብስበታል፤ ብትተወው የምሳ ሰዓት እያለቀ ነው። እግሯን እያንቀጠቀጠች ቁጥሩ ላይ አፈጠጠች።

አባቷ ከወንበራቸው ሲነሱ ሰማች። ዞር አላለችም። አሁንም ተቀይማቸዋለች፤ በራሷም ላይ ተቀይማለች፤ ሁለቱን መለየት አልቻለችም። አባቷ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ መደርደሪያው ሄዱ። መደርደሪያው ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። ዝቅ ያደረገችው ትንሿ ናት፤ ክንዳቸው ከትከሻ በላይ አልነሳ ካላቸው ወዲህ ዕቃ ማውረድ ስላቃታቸው። አንድ የታሸገ የውሃ ጠርሙስ ይዘው መጡና አጠገቧ ቆሙ። ክዳኑን ሊከፍቱት ሞከሩ። ጣቶቻቸው ተንሸራተቱ። ጠርሙሱን በብብታቸው ይዘው እንደገና ሞከሩ። ከዚያ በየቀኑ እንደሚያደርጉት፣ ምንም ሳይናገሩ ዘረጉላት።

ትንሿም በየቀኑ እንደምታደርገው፣ ዓይኗን ከቁጥሩ ላይ ሳትነቅል ተቀብላ ጠምዝዛ ከፈተችና መልሳ ዘረጋችላቸው።

«ላንቺ ነው» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም።»

ጠርሙሱ በእጇ እንዳለ ቀረ። ክዳኑን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለችና፣ ከቆጣሪው ጎን ከራሷ በላይ የተሰቀለችውን፣ ዝገት የያዛትን፣ እሷ ራሷ ጠዋት በሁለት እጇ የታገለቻትን እጀታ አየቻት።

የውሃ ክዳን የማይከፍት እጅ። ከትከሻ በላይ የማይነሳ ክንድ።

«አባባ» አለች።

«እ።»

«ትናንት እጀታዋን ያወረዷት እርስዎ ነዎት?»

አባቷ ወደ ወንበራቸው እየተመለሱ ነበር። ቆሙ፤ አልዞሩም። «ነኝ አልኩሽ እኮ» አሉ። «ከቃጠሎው ወዲህ ይሄን ቤት ከኔ ሌላ ሰው ዘግቶት ያውቃል?»

አነጋገራቸው ውስጥ ቁጣ ነበረበት። ቁጣው ሥር ደግሞ ልመና ነበረበት፤ ትንሿ የሰማችው እሱን ነው። ገባት። ወንድሟ እጀታዋን ማውረድ የጀመረው ዛሬና ትናንት አይደለም፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ማን ያውቃል! ትናንትም እጁ ለምዶበት፣ የተነገረውን ረስቶ፣ ጎትቶ አውርዷት ሄደ። ጠዋት ጥፋቱ ፊቱ ሲቆም ደግሞ ለአባቱ አሸከመ። አባቷ ተሸከሙለት። ልጃቸውን ለማዳን ብቻ አይደለም። «እኔ አይደለሁም» ቢሉ፣ «ታዲያ ማን ነው?» ይባላል፤ ከዚያ «ለምን እርስዎ አይዘጉም?» ይመጣል፤ ከዚያ ሁሉም ሰው ቀና ብሎ እጀታዋን፣ ዝቅ ብሎ እጃቸውን ያያል። ብሩሹን አጥተዋል። ቤቱን የሚዘጉት አባወራ መሆናቸው ብቻ ነበር የቀራቸው። አቃታቸው ከሚባል አጠፉ ቢባሉ መረጡ።

እሷስ? «በዚህ እጅዎ?» ነው ያለቻቸው። እንባዋ መጣ፤ በክንዷ ጠረገችውና ማርከሩ ጉንጯ ላይ ተቀባ። ንዴቷ አልበረደም። ከጠዋት ጀምሮ የማንንም በር ሲያንኳኳ የዋለው ንዴት ትክክለኛ አድራሻውን አገኘ እንጂ።

ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። መቶ ሞላ። ትንሿ ወደ ኪቦርዱ ተመለሰች። የመጠባበቂያውን ፎልደር ከፈተች፤ የቆየው ቅጂ አለ። የተበላሸውን ፋይል ስም ለወጠች። የቆየውን በቦታው ገለበጠች። «አንድ ፋይል ተገልብጧል» አላት ጥቁሩ መስኮት። ፍላሹን ነቅላ ኮምፒውተሩን አስነሳችው።

ወንድሟና ፎርማት በሩ ላይ የደረሱት ያኔ ነው። ፎርማት ቦርሳውን አንግቷል፤ ወንድሟ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው። ሁሉም ቆመው ጥቁሩን አዩ። ጥቁሩ ቆየ። ከዚያ ሰማያዊ ሆነ፤ የታወቀው ድምፅ ተሰማ፤ የሱቁ ፎልደሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

«ጎሽ! ምንም አይደለም አላልኩም?» አለ ወንድሟ። አላለም። «በይ አሁን ባነሩን ቶሎ...»

«ቆይ» አለችው ትንሿ።

የፊደሎቹን ፎልደር ከፈተች። አሉ። ጅራታቸውን ቀና እንዳደረጉ ሁሉም አሉ። ፍላሹን በፋቀችው ቀዳዳ መልሳ ሰካችና መገልበጥ ጀመረች።

«ፍላሽ እዚህ ቤት...»

«ቆይ አልኩህ!»

እንዲህ ብላ ጮኻበት አታውቅም። ወንድሟ ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። አባቷ ቀስ ብለው መጡና ከኋላዋ ቆሙ፤ ወደ ኮምፒውተሩ መስኮት ጎንበስ አሉ። «ያቺ፣ ሁለተኛዋ፣» አሉ በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ጅራቷን አብዝተሽባታል።»

«አስተካክላታለሁ፣ አባባ።»

ፎርማት ነገሩ ስላለቀ ደስ ብሎታል፤ እየሳቀ ወደ ቆጣሪው ሄደና እጀታዋን ያዝ አድርጎ ሊነቀንቃት ሞከረ። ንቅንቅ አላለችም። «እኔ የምለው አባባ፣» አለ ያለ ምንም ክፋት፣ «ይቺን ዝገታም በዚህ ዕድሜዎ እንዴት ነው ያወረዷት? እኔ እንኳ የምችላት አይመስለኝም።»

ወንድሟ ጫማውን አየ። አባቷ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱት፤ ኪሱ ውስጥም መንቀጥቀጡ ይታያል። ትንሿን ቀና ብለው አዩዋት። ትንሿ ምላሷ ላይ የተዘጋጀ ነገር ነበራት። ከጠዋት ጀምሮ የፈላው ሁሉ፣ ውሸታም፣ ፈሪ፣ አባቱን መደበቂያ የሚያደርግ፣ ሁሉም ቃል ተሰልፎ ከንፈሯ ላይ ቆሟል። አንዷን ብትለቃት ወንድሟ ያበቃለታል። አባቷም አብረው ያበቃላቸዋል።

«ይችሏታል!» ብላ ፎርማት ላይ ጮኸች። «ባይችሏት ኖሮማ መች ይሄ ሁሉ ጣጣ ይመጣ ነበር! ችግሩ መቻላቸው አይደል?» ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ ሁለተኛ፣ አይወርድም ባልኩበት ቀን ያቺን እጀታ ቢነኳት ተጣላን! በእውነት ነው የምልዎት፣ ተጣላን! ሰምተዋል?»

የአባቷ ጀርባ ቀና አለ። «ሰማሁ በቃ! ምን ያስጮህሻል?» አሉ ቆጣ ብለው። «እጄ ለምዶት ነው። ምን ላድርገው?» ወደ ወንበራቸው ተመልሰው፣ እግራቸውን አነባብረው፣ መንገደኛ ማየታቸውን ቀጠሉ።

ፎርማት ፍላሹን ትቶላት፣ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። ፊደሎቹ ተገልብጠው አለቁ። ትንሿ ፍላሹን ነቅላ ኪሷ ከተተች፤ የክሊኒኩን ባነር ከፈተች፤ ማተሚያው ይሠራ ጀመር። ልጇ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ቦርሳዋን አነሳች። በወንድሟ አጠገብ ስታልፍ ቆመችና፣ አባቷ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኑን ዓይኑን እያየች ተናገረችው።

«ዛሬ ማታ አባባ ቤቱን ሲዘጉ፣ አንተ ቀድመህ ኮምፒውተሩን አጥፋው።»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። የዚያን ቀን «ቆይ» አላላትም።